መልስ፦ ከሚስተር ቢን ቀጥሎ ምን ልይ?

ከሚስተር ቢን ሌላ የእንግሊዝ ኮሜዲ አላውቅም፣ ከየት ልጀምር ላልከው፣ ያለ ምንም ማቅማማት ፎልቲ ታወርስን እይ። እኔንም የለከፈኝ ሚስተር ቢን ነው፤ ያቺን ሚኒ መኪናውን በጓጉንቸር ሲቆልፋት እያየሁ ነው ያደግኩት።

ፎልቲ ታወርስ በፈረንጆቹ 1975 እና 1979 የታየ ነው፣ ጠቅላላው 12 ክፍል ብቻ (ዛሬ ቢሆን 200 አድርገው ያንዛዙት ነበር)። ቤዚል የሚባለው ሰውዬ ቶርኪ ከተማ ውስጥ ሆቴል አለው፣ ግን እንግዳ አይወድም! አንዴ መኪናው አልነሳ ስትለው ይቆጣታል፣ እስከ ሦስት ቆጥሮ ያስጠነቅቃታል፣ በመጨረሻ ሮጦ ሄዶ የዛፍ ቅርንጫፍ ያመጣና ይገርፋታል። ስንቴ እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ ብላክአደር። ያው ሚስተር ቢንን የሚጫወተው ሮዋን አትኪንሰን ነው፣ እዚያ ግን አፉ አያርፍም። ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምር፣ ሰብታይትል መክፈትም አትፈር፣ እኔም እስካሁን እከፍታለሁ።