ሳይነገራቸው ይፈርሙ?

ጥያቄ፦ እናታችን 76 ዓመታቸው ነው። ፒያሳ አካባቢ በስማቸው በተመዘገበ ቤት ከእኔ ጋር ይኖራሉ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ሆዳቸውን ሲያማቸው ቆይቶ በምርመራ የአንጀት ካንሰር መሆኑ ታወቀ። ሐኪሙ ውጤቱን የነገረው ለእኔና ለታላቅ ወንድሜ ብቻ ነው። ወንድሜም «ከሰሙ ልባቸው ይሰበራል፣ ቁስለት ነው በሏቸው» ብሎ ለመነው። አሁን ቀዶ ጥገና ስለታዘዘ የስምምነት ቅጹን ወንድሜ ሊፈርም ነው። በዚያው ሰሞን ደግሞ ቤቱን ለመሸጥ የሚያስችል ውክልና እንዲሰጡት እናታችንን ሊያስፈርም አስቧል። እናቴ ማታ ማታ እጄን ይዘው «ልጄ፣ ምን አገኙብኝ?» ይሉኛል። ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል? ሕጉስ ምን ይላል?
(አ.፣ ከአራዳ)

መልስ፦ ከእርስዎ ጥያቄ በፊት የእናትዎ ጥያቄ ይቀድማል። «ምን አገኙብኝ?» ብሎ በየማታው የሚጠይቅ ሰው ማወቅ እንደሚፈልግ በገዛ አንደበቱ ተናግሯልና እናትዎ ማወቅ ይፈልጉ እንደሆነ መገመት አያስፈልገንም።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ በአንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው በማናቸውም ጊዜ የሐኪም ምርመራን፣ ሕክምናንም ሆነ ቀዶ ጥገናን እምቢ ሊል እንደሚችል ደንግጓል። እምቢ የማለት መብት ያለው ሰው እሺም ሲል ለምን እሺ እንዳለ ማወቅ ይኖርበታል፤ ቁስለት ነው ተብሎ ለካንሰር ቀዶ ጥገና የተኛ ሰው ግን እሺ ያለው ላልቀረበለት ነገር ነው። በሌላ ሰው ሕክምና ላይ የመወሰን ሥልጣን በዚያው ሕግ የተጠበቀው ለሞግዚት ሲሆን፣ እርሱም የሚሾመው አካለ መጠን ላላደረሰ ልጅ ወይም በፍርድ ለተከለከለ፣ ማለትም ጉዳዩን በራሱ እንዳይወስን ፍርድ ቤት ላገደው ሰው ነው። 76 ዓመት መሙላት ደግሞ ክልከላ አይደለም። ወንድምዎ በኩር መሆናቸውም፣ የሕክምናውን ወጪ መሸፈናቸውም፣ እናታቸውን ከልብ መውደዳቸውም አእምሮአቸው ሙሉ በሆነ እናታቸው ፋንታ እንዲፈርሙ ሥልጣን አይሰጣቸውም። ሕመምተኛው ራሱን ስቶ ሕይወቱ ለአፋጣኝ አደጋ ሲጋለጥ ነገሩ ይለያል፤ የእናትዎ ግን በቀጠሮ የሚደረግ ቀዶ ጥገና ነው።

እንዲያውም በጥብቅ ከተመለከትነው፣ መልስ የሚሻው ጥያቄ ውጤቱ ያለ እናትዎ ፈቃድ ለልጆቻቸው ለምን አስቀድሞ ተነገረ የሚለው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 ሐኪምን የሙያ ምስጢር እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ የዚያ ምስጢር ባለቤት ደግሞ ሕመምተኛው ነው። ይህን የምጽፈው ሐኪሙን እንዲከሱ ለመገፋፋት አይደለም። ሽማግሌን ትቶ አብሮት ለመጣው ጎልማሳ ማውራት በየመርመሪያ ክፍሉ የተለመደ በመሆኑ ብዙ ሐኪሞች ጥፋት እንደሠሩ እንኳ አይሰማቸውም። ባለፈው ዓመት በመሀል ከተማ በአንድ ሆስፒታል ኮሪደር ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንዲት ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ከፌስታል ውስጥ የተጣጠፈ የውጤት ወረቀት አውጥተው «አንተ ልጅ፣ ይኼ ምን ይላል?» አሉኝ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነበር። አጠገባቸው የነበረው ልጃቸው ከእጃቸው ቀበል አድርጎ «ደህና ነው ይላል፣ እማዬ» አላቸው። እርሳቸው ግን ወረቀቱን ትተው የልጃቸውን ፊት ያነቡ ነበር። የእርስዎም እናት ማታ እጅዎን የሚይዙት ፊትዎን ለማንበብ ይመስለኛል።

የወንድምዎ ፍርሃት ግን ሊናቅ አይገባም፤ የእኛ አገር ሰው ብቻ የሚፈራው ነገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ከተጠየቁት ሐኪሞች 90 በመቶ የሚሆኑት የካንሰርን ውጤት ለሕመምተኛው አለመንገርን እንደሚመርጡ ተናግረው ነበር። ተመሳሳይ ጥያቄ በ1979 ዳግም ሲቀርብ 97 በመቶዎቹ መንገርን መረጡ። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ የሕመምተኞች ልብ አልጠነከረም፤ የተለወጠው የሐኪሞቹ ልማድ ነው።

ከባድ ነገርን የመንገር ጥበብ ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደለም። መርዶ ሲነገር ማን ይንገር፣ በየትኛው ሰዓት ይሁን፣ ማን አጠገብ ይቀመጥ ተብሎ ይመከራል እንጂ በስልክ ወይም በበር ላይ ዱብ አይደረግም። ሕመምን ለመንገርም ይኸው ጥንቃቄ ይበቃል። የሚነግራቸው ሐኪሙ ይሁን፤ እርስዎ አጠገባቸው ይቀመጡ፤ ንግግሩ በአማርኛ ይሁን። ሐኪሙ አስቀድሞ «ስለ ሕመምዎ ሁሉን ልንገርዎት ወይስ ለልጅዎ ብነግርልዎ ይሻላል?» ብሎ ይጠይቃቸው። የዓለም ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1981 በሊዝበን ያወጣውና ኋላም ያሻሻለው የሕመምተኞች መብት መግለጫ፣ ሕመምተኛው ራሱ በግልጽ ከጠየቀ አለማወቅም መብቱ እንደሆነ፣ በእርሱ ፋንታ ማን እንዲነገረው መምረጥም እንደሚችል ያስቀምጣል። እናትዎ «ለልጄ ንገሯት፣ እኔን አታድክሙኝ» ካሉ ዝምታው ያኔ ራሳቸው የመረጡት ስለሚሆን ሊከበርላቸው ይገባል። ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልጨምር፦ «ነቀርሳ» ብቻ ከተባለ ብዙ አረጋውያን የሳንባ ነቀርሳ ይመስላቸዋልና የትኛው የሰውነት ክፍል እንደታመመ፣ ቀዶ ጥገናው ምን እንደሚያስወግድና ምን ሊያስከትል እንደሚችል በግልጽ ይነገራቸው። ሰምተው «አልቀደድም፣ ጸበሌን እጠጣለሁ» ሊሉም ይችላሉ። ሐኪሙም እናንተም ለማስረዳትና ለመለመን ትችላላችሁ፤ ማስገደድ ግን አይቻልም። ቀዶ ጥገናውን አልፈልግም ማለታቸውም የሕመም ማስታገሻና እንክብካቤ እንዲቋረጥባቸው ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ወደ ውክልናው ስመጣ ይበልጥ አዝናለሁ። ስለ ሕመማቸው እንዳይሰሙ ልባቸው ደካማ ነው የተባሉት እናት ቤታቸውን ለሚያሸጥ ሰነድ ግን ልባቸው ብርቱ ሆኖ ተገኝቷል። ወንድምዎ ክፉ አስበው ነው አልልም፤ ለሕክምናው ገንዘብ ፍለጋ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ጠቅላላ ውክልና እንደማይበቃና ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልግ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2205 ያዘዘው፣ ባለቤቱ የሚሰጠውን ሥልጣን ለይቶ እንዲያውቅ ነው። የሚሸጡበትን ምክንያት ሳያውቁ፣ ከዚያም በላይ ሆን ተብሎ ተደብቆባቸው የሚሰጡት ፈቃድ ነገ በፍርድ ቤት ክርክር የሚነሣበት ፈቃድ ነው።

ደግሞም ውጤቱን ስትደብቁ የምትነጥቋቸው ሌላ ነገር አለ። በቋንቋችን «ኑዛዜ» የሚለው ቃል ለንስሐ አባት የሚነገረውንም፣ ለወራሾች የሚተላለፈውንም ይይዛል። እናትዎ ሕመማቸውን ካወቁ የንስሐ አባታቸውን ማስጠራት፣ የተጣሉትን መታረቅ፣ ቤቱን ለማን እንደሚተዉ መወሰን ይችላሉ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ፣ ይህ መፈጸሙም በጽሑፉ ላይ መጠቀስ፣ ቀኑ መጻፍና ሁሉም መፈረም አለበት። ከምስክሮቹ አንዱ ሥራውን በማከናወን ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጊዜው ይኖር እንደሆነ ማንም ዋስትና ሊሰጥ አይችልም።

ስለዚህ የቅጹ ፊርማ ከመድረሱ በፊት ወንድምዎን ይዘው ሐኪሙ ዘንድ ይቅረቡና ለእናታችሁ የሚነገርበትን ቀን ያስወስኑ። ወንድምዎ እንቢ ካሉ ብቻዎን ይሂዱ። ከዚያ በፊት ዛሬ ማታ እናትዎ ከጠየቁዎት ቁስለት ነው አይበሏቸው፤ «ሐኪሙ ራሱ ቁጭ ብሎ ይነግርዎታል፣ እኔም አጠገብዎ እሆናለሁ» ይበሏቸው።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ ከአባቴ ጋር እኖራለሁ። 81 ዓመታቸው ሲሆን የመርሳት ሕመም እንዳለባቸው ተነግሮናል። ቀደም ሲል ጎረቤት ያይልን ነበር፤ ሰፈሩ በልማት ሲነሣ ግን ብዙዎቹ ሄዱ። ወጥተው እንዳይጠፉ ሥራ ስሄድ በሩን ከውጭ እቆልፋለሁ። ጥፋት ነው? እኅቶቼ ምንም አይረዱኝም።
(በ.፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ከጭንቀት የመጣ ቢሆንም አዎን፣ ጥፋት ነው። እሳት ቢነሣ ወይም ቢወድቁ በሩን የሚከፍትላቸው የለም፤ የመርሳት ሕመም የያዘው ሰው ተቆልፎበት ሲያገኘው ደግሞ ይበልጥ ይሸበራል። አባትዎ በፍርድ እስካልተከለከሉ ድረስ በሕግ ፊት ሙሉ ሰው ናቸው፤ ክልከላ ቢያስፈልግ እንኳ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 351 መሠረት ጤናቸውና ጥቅማቸው ሲያስገድድ ፍርድ ቤት የሚወስነው ነው። በተጨማሪም ይህ ሕመም ሰውን በአንድ ቀን ከሁሉም ነገር አያሰናክለውም። ብዙዎች ጠዋት ላይ ጠራ ይሉና ወደ ማታ ይደነጋገራሉ። የባንክ ሒሳብ መከታተል ያቃተው ሰው ምን እንደሚበላ፣ ማን እንዲያጥበው እንደሚፈልግ፣ የት መቀመጥ እንደሚወድ በሚገባ ሊናገር ይችላል።

ቁልፉን የሚተካው ሰው ነው፤ የሰውን ክፍያ ደግሞ ብቻዎን እንዲሸከሙ ሕግ አያዝዝም። አዲስ አበባ ላይ የሚሠራው የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሠርቶ ራሱን ማስተዳደር ላልቻለ ወላጅ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አቅም ባላቸው ልጆች ሁሉ ላይ ይጥላል። መጀመሪያ እኅቶችዎን በሽማግሌ ያነጋግሩ፤ እንቢ ካሉ አቤቱታው በአባትዎ ጥቅም ለፍርድ ቤት ይቀርባል። እስከዚያው ስማቸውንና የእርስዎን ስልክ የያዘ ካርድ በኮታቸው ኪስ ይስፉላቸው፤ በአቅራቢያ ላለው ባለሱቅና ለቀሩት ጎረቤቶችም ያሳውቁ። ቀን የሚውልላቸው ሰው ከመቅጠርዎ በፊት ግን አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ አብረዋቸው ይብሉና አጠገባቸው ማን ቢውል እንደሚሻላቸው ራሳቸውን ይጠይቋቸው።