ሚኒሞው አልወርድ ላለው ወንድማችን፦ ቪቴውን ተውና መጀመሪያ ውሃውን እይ

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። የ1991 ኮሮላ፣ 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር፣ ጠዋት ስታስነሳው ሚኒሞው (እግርህን ሳትጭን ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) በደቂቃ 1800 ዙር አካባቢ ይወጣል፣ ከሞቀ በኋላም እዛው ነው፣ አንዳንዴ መብራት ላይ ስትቆም ከፍ ዝቅ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ቤንዚን ይበላል፣ አንዱ መካኒክ የሚኒሞ ማስተካከያውን ቪቴ (ብሎን) ሲያዞር ውሎ አልሆነለትም ሌላው ደግሞ የሞተሩ ኮምፒውተር ነው ይቀየር ብሎሃል። የኮምፒውተሩን ነገር ለጊዜው እርሳው ብር እንዳታወጣ። እኔም ይሄንኑ ሞተር ይዤ ብዙ አመት ስለነዳሁ የማውቀውን ልፃፍልህ፣ ትንሽ ይረዝማል ግን ታገሰኝ።

አንድ ነገር ከገባህ ሌላው ሁሉ ይቀልሃል። ይሄ ሞተር እግርህን ሳትጭን በፍጥነት የሚዞረው ከሆነ ቦታ ትርፍ አየር እየገባለት ስለሆነ ነው። መኪናህ የሚገባውን አየር በቀጥታ የሚለካ ሴንሰር የለውም፣ ኢንቴክ ማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ውስጥ ያለውን ግፊት ነው የሚያነበው። ስለዚህ አየር በቀዳዳ ሲገባ ኮምፒውተሩ ሰውየው ነዳጅ ረገጠ ብሎ ያስብና ቤንዚን ይጨምርለታል፣ ሞተሩም ሳይንቀጠቀጥ ጥሩ አድርጎ ይጮሃል። አየር ለኪ ያላቸው መኪኖች ላይ ያው ቀዳዳ ቢኖር ብዙ ጊዜ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል ወይ ይጠፋል፣ ያንተ ግን አይጠፋም፣ ለዛ ነው መካኒኮቹ ሞተሩ ጤነኛ ነው ቪቴው ነው የሚሉት። ጥያቄው አየሩ በየት በኩል ገባ ነው።

በኔ ልምድ እኛ ሀገር ላሉ ኮሮላዎች የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ውሃ ነው። አዎ የራዲያተር ውሃ። ትሮትል ቦዲው (ነዳጅ ስትረግጥ የሚከፈተው የአየር መግቢያ) ስር ሁለት ቀጫጭን የውሃ ጎማዎች ይገባሉ፣ እዛ ውስጥ ሰም ያለበት ቫልቭ አለ፣ ሰሙ ሲቀዘቅዝ ቫልቩ ይከፈትና ትርፍ አየር ያስገባል፣ ጠዋት ሚኒሞው ከፍ የሚለው በሱ ነው፣ ትክክልም ነው። ሞተሩ ሲሞቅ የሞቀው ውሃ በዛ በኩል አልፎ ሰሙን ያቀልጠውና እየተለጠጠ አየሩን ይዘጋዋል። ኤሌክትሪክ የለውም፣ ኮምፒውተር አያዘውም። እንግዲህ ውሃው ከጎደለ፣ አየር ካፈነው፣ ዝገት ቀጭኑን ጎማ ከዘጋው ወይም ውሃው ራሱ በደንብ ካልሞቀ ሰሙ እንደቀዘቀዘ ይቀራል፣ አንተ ቦሌ ደርሰህ ተመልሰህ እሱ ገና ጠዋት ይመስለዋል።

እዚህ ጋ ነው የጋራዦቻችን ነገር የሚመጣው። መኪና ትንሽ ሙቀት ካሳየ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ልማድ ሆኗል። "ለኛ ሀገር አያስፈልግም" ይሉሃል። አያስፈልግም የሚባለው ነገር እኮ 82 ዲግሪ ላይ የሚከፈት፣ እስከዛ ድረስ ውሃውን ሞተሩ ውስጥ አቆይቶ የሚያሞቅ እቃ ነው። አዲስ አበባ ጠዋት ያለውን ብርድ ታውቀዋለህ፣ ቴርሞስታት የሌለው መኪና ቀለበት መንገድ ላይ ነፋስ እየመታው ሲሄድ መቼም በደንብ አይሞቅም፣ ሰሙም ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ኮምፒውተሩም ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ይደፋል። የበላህ ቤንዚን አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል። ማወቂያው ቀላል ነው፣ ስትነዳ የሙቀት መርፌው ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ከወረደና መጨናነቅ ውስጥ ስትቆም ብቻ ከወጣ ቴርሞስታት የለህም ወይም ክፍት ሆኖ ቀርቷል። አዲስ ግዛና አስገባ፣ ያሞቀው የነበረው ነገር ሌላ ከነበረ (ራዲያተር መደፈን፣ ቬንትሌተር፣ ክዳን) እሱን ለብቻው አሰራ።

ከዚህ የባሰም አለ። የኔን መኪና ከኔ በፊት የነዳው ሰው የሆነ ጋራዥ አስገብቶት እነዛን ሁለት ቀጫጭን ጎማዎች ነቅለው በአጭር ቱቦ እርስ በርስ አገናኝተዋቸው ነበር፣ ውሃ ያፈሳል ብለው ነው አሉ። በቃ ሰሙ ከዛ ቀን ጀምሮ ሙቅ ውሃ አላየም። ከዛ ሚኒሞው ሲጮህ ቪቴውን አጠበቁት፣ ቪቴው አለቀ፣ እንደገና ዲስትሪቢዩተሩን (ለሻማዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን) ነካኩት፣ ቼክ ኢንጂን መብራቱንም አውጥተው ጥለውት ነበር። ጎማዎቹን ወደ ቦታቸው መልሼ ውሃውን ካስተነፈስኩት በኋላ ነው የወረደው። ያንተንም ቦኔቱን ክፈትና በጣትህ ተከተላቸው፣ ሞተሩ ሲሞቅ ሁለቱም ጎማ መሞቅ አለበት፣ አንዱ ሙቅ አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ውስጡ ተደፍኗል።

ውሃውን ለማስተንፈስ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ (ሙቅ ራዲያተር ክዳን አትክፈት፣ ፊት የተቃጠለ ሰው አውቃለሁ) መኪናውን አፍንጫው ሽቅብ በሚሆንበት ቦታ አቁመው፣ ክዳኑን አንሳ፣ የውስጥ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ አድርገው፣ አስነሳውና ራዲያተሩን እየሞላህ የላይኛውን ወፍራም ጎማ ጨመቅ ለቀቅ አድርገው፣ አረፋ መውጣቱ እስኪያቆም። ውሃው በየቀኑ የሚጎድል ከሆነ ግን ማስተንፈስ ብቻ አይበቃም፣ የቴስታታ ጋስኬት (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መሀል ያለው መዝጊያ) ሊሆን ስለሚችል እሱን ቶሎ አስመርምር። ደግሞ የቧንቧ ውሃ ብቻ እየጨመርክ ከሆነ ኩላንት አስገባ ባክህ፣ ያ ሁሉ ዝገት ከየት የመጣ ይመስልሃል።

ውሃው ደህና ከሆነ የጣት ፈተና አለ፣ እኔ በጣም የምወደው። ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞው ከፍ ብሎ ሳለ ከአየር ፊልትሮ የሚመጣውን ትልቁን ጎማ ከትሮትል ቦዲው ንቀለው፣ ያንተ አይነቱ ሞተር በዚህ አይጠፋም። ውስጡን ስታይ ክቡ መዝጊያ ተዘግቶ ይታይሃል፣ ከሱ ወዲህ ግድግዳው ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ የሰሙ ቫልቭ አየር የሚስበው በአንዷ ነው። በጣትህ ድፈናት፣ ስትስብህ ይሰማሃል። ሞተሩ ወዲያው ከወረደ ሌባው ተያዘ፣ ቫልቩ አልተዘጋም። ደፍነሃት ምንም ካልተለወጠ አየሩ የሚገባው ከመዝጊያው በኋላ ካለ ቦታ ነው ወይ መዝጊያው ራሱ በደንብ አልተዘጋም። መዝጊያውን የሚያዞረውን ጆሮ በእጅህ ወደ መዝጋት ግፋው፣ ከወረደ የነዳጅ ገመዱ ተወጥሯል ወይ ጥቀርሻ ይዞታል፣ ገመዱን አላላው፣ ጥቀርሻውን በካርቡሬተር ክሊነርና በጨርቅ አፅዳው።

ከመዝጊያው በኋላ ያሉትን ቀዳዳዎች ለማግኘት ቫኪውም ጎማዎቹን (ከማኒፎልዱ የሚወጡትን ቀጫጭንና ወፍራም የአየር ቱቦዎች) አንድ በአንድ በፒንሳ ጨምቅ፣ ሞተሩ የወረደበት ጎማ ነው ጥፋተኛው። ወፍራሙ የፍሬን ሰርቮ (ፍሬን ስትረግጥ የሚያግዝህ እቃ) ጎማ ሲጨመቅ ከወረደ ተጠንቀቅ፣ ፍሬንህም አብሮ ነው የተበላሸው። ሌላ ብዙ ሰው የማያውቃት አለች፣ የመሪ ዘይት ፖምፓው ላይ ሁለት ቀጭን ጎማ ያላት ትንሽ ቫልቭ ካለችህ እሷ መሪ ስታዞር ሚኒሞ እንዲጨምር የተሰራች ናት፣ ስትበላሽ ሁሌም አየር ታሳልፋለች፣ አንዳንዴ የመሪ ዘይትም እየጠጣች በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) ነጭ ጭስ ታወጣለች፣ ሰው ደግሞ ሞተሩ አለቀ ብሎ ያስፈታል። የማኒፎልዱን ጋስኬትና የኢንጀክተሮቹን (ቤንዚን የሚረጩትን) ጎማ ለማየት አንዳንዱ ክሊነር ይረጫል፣ ሙቅ ሞተር ላይ እሳት ነው፣ እኔ ውሃ በመርጫ ጠብ ጠብ ነው የማደርገው፣ ድምፁ ከተለወጠ እዛ ጋ ነው።

ያ ከፍ ዝቅ የሚለው ነገር ሌላ በሽታ አይደለም። እግርህን አንስተሃል፣ ሞተሩ ግን ይጮሃል፣ ኮምፒውተሩ ይሄ ሰውዬ ቁልቁለት እየወረደ ነው ብሎ ቤንዚን ይቆርጣል፣ ሞተሩ ሲወርድ መልሶ ይሰጣል፣ ያ ትርፍ አየር ስላለ እንደገና ይወጣል። አየሩን ስትዘጋው እሱም ይቆማል።

ኮምፒውተሩን መጠየቅ ከፈለግክ ነፃ ነው። ቦኔት ውስጥ ዲያግኖሲስ የሚል ክዳን ያላት ትንሽ ሳጥን አለች፣ ቲኢ1 (አንዳንዱ ላይ ቲ ብቻ) እና ኢ1 የሚሉትን በአጭር ሽቦ አገናኝና ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ክፈት፣ ቼክ ኢንጂን መብራቱ ይቆጥርልሃል። ሳያቋርጥ እኩል በራ ጠፋ ካለ ምንም አልመዘገበም፣ ሁለቴ አብርቶ አርፎ ሁለቴ ካበራ 22 ነው፣ የውሃ ሙቀት ሴንሰር። ሁለት ሽቦ ያለውን ነው የሚለው፣ ባለ አንድ ሽቦው የዳሽቦርድ መርፌ ብቻ ነው፣ ሶማሌ ተራ (የመለዋወጫ ገበያው) ስትገዛ እንዳትሳሳት።

ቪቴ የሚነካው ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እሱም ሞተሩ ሞቆ፣ ኤሲና ቬንትሌተር ጠፍቶ፣ ዜሮ ማርሽ ላይ፣ የአየሩን ማስተካከያ ቪቴ ብቻ፣ 700 እስከ 800 አካባቢ፣ ትክክለኛው ቁጥር ቦኔቱ ስር የተለጠፈው ወረቀት ላይ ካልተላጠ አለልህ። መዝጊያውን የሚያቆመውን ቪቴ ግን ማንም እንዳይነካብህ፣ እሱ ፋብሪካ ነው የሚስተካከለው። ከፍታ ቦታ ስለሆንን ጉልበት ይጨምራል እያሉ ዲስትሪቢዩተሩን አዙረው የሻማውን እሳት ካስቀደሙትም ሚኒሞ ይወጣል፣ የዲያግኖሲስ ሳጥኗ ሽቦ ተገናኝቶ እሳቱ 10 ዲግሪ ላይ መሆኑን በታይሚንግ መብራት አሳይ።

ከስር ቪትዜም ሚኒሞው አልወርድ አለ ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ ያንቺ ይለያል፣ ሰም የለውም፣ ሚኒሞውን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተሩ ነው። ባትሪ ከተነቀለ ወይ ትሮትል ቦዲ ከታጠበ በኋላ ከሆነ የጀመረው መጀመሪያ ትንሽ ንጂው፣ ብዙ ጊዜ ራሱ ይማራል። ካልወረደ ቫኪውም ጎማዎቹን እንደተባለው እዪያቸው።