ስለ ደን ሙግት ጠይቁኝ

በድሬዳዋ ጠበቃ ነኝ። በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ማኅበራትና የእንጨት ኩባንያዎች በደን ጉዳይ የተሟገቱባቸውን መዝገቦች ለዓመታት ሳነብ ኖሬያለሁ። የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ።

ከሳቢያን፦ እውነት ለአንዲት ጉጉት ሲባል ነው እንጨት መቁረጥ የተከለከለው?

ጉጉቷ የሙግቱ መነሻ ናት፤ የተከሰሰው ግን መሥሪያ ቤት ነው። ይህች ነቁጣማ ጉጉት የምትኖረው ዕድሜ በጠገበ ጥንታዊ ደን ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች መዝገብ ገባች። ሕጉ በመንግሥት ደኖች ያሉ እንስሳት እንዳይጠፉ የሚያደርግ ዕቅድ እንዲወጣ ያዝዛል። የደን መሥሪያ ቤቱ ይህን ሳያሟላ እንጨት መሸጡን ቀጠለ። የሲያትል አውዱቦን የተባለው የወፎች ጥበቃ ማኅበር ከሰሰ፤ በ1991 ዳኛ ዊሊያም ድዋየር ዕቅዱ እስኪወጣ ሽያጩ እንዲቆም አዘዙ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፦ ማኅበሩ የጠየቀው አዲስ ሕግ ሳይሆን የተጻፈው እንዲፈጸም ነበር።

ከከዚራ፦ የእንጨት ሠራተኞቹ እንጀራስ?

ይህ ጥያቄ ልብ ይነካል። መጋዝ ቤቶች ተዘግተዋል፤ በእንጨት ብቻ የሚኖሩ ትንንሽ ከተሞች ተጎድተዋል። ሆኖም የማሽን መበራከትና ያልተሰነጠቀ ግንድ ወደ ጃፓን መላኩ ከፍርዱ በፊትም ሥራ ይቀንሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 መንግሥት ወደ 10 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት የሚሸፍን ዕቅድ ሲያወጣ ኩባንያዎቹም ማኅበራቱም ከሰሱት፤ ድዋየር ዕቅዱን አጸኑት።

ከመጋላ፦ በግል መሬት ላይ ያለ ዛፍስ?

እ.ኤ.አ. በ1995 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ6 ለ3 ድምፅ ወስኗል፦ የእንስሳውን መኖሪያ አጥፍቶ እሱን መግደል ወይም ማቁሰል፣ በግል መሬትም ቢሆን፣ በሕግ የተከለከለው ጉዳት ውስጥ ሊካተት ይችላል።

ከገንደ ቆሬ፦ ጋሼ፣ በደንገጎ በኩል ዛፉ እያለቀ ነው። መሬት የሌለኝ ሰው መክሰስ እችላለሁ?

ትችላለህ፣ ልጄ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ውሃው የወረደው ከተራቆተው ተራራ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ አይመለከትህም የሚልህን አትስማ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት መሆኑን ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ደግሞ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ማለት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል ይናገራል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠህ ወይም ውሳኔው ካላረካህ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ትሄዳለህ።

አንዲት እናት የጉቶዎች ፎቶ በስልካቸው ሞልተው ቢሮዬ መጡ። አቤት ያሉት በቃል ነበር፤ መቼ እንዳሉም አያስታውሱም። ቀኑን የሚቆጥርልን ወረቀት ስላልነበረ ከመጀመሪያው ጀመርን። አንተ አቤቱታህን በሁለት ቅጂ ጻፍ፤ አንዱን ስጥ፣ በእጅህ በሚቀረው ላይ መዝገብ ቤቱ ማኅተምና ቀን እስኪያደርግበት ከመስኮቱ አትነሣ።

ከሐረር፦ አቤቱታው በማኅበር ስም መሆን አለበት?

አይደለም፤ በራስዎ ስም ይበቃል። ዛሬውኑ ይጻፉት።