«ባሕሩ የኛ ነው» ለሚሉ ጎረቤቶች ሕጉ ምን ይላል?

በ2020 በኮሮና ጊዜ የደረሰኝ ጥያቄ ረዘም ያለ ስለሆነ ላሳጥረው። ጠያቂዋ ደቡብ እንግሊዝ፣ ዶርሴት ውስጥ ባለች አንዲት የባሕር ዳርቻ ከተማ ቤት ተከራይታ ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ኬርሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ውስጥ የማታ ሺፍት ትሠራለች። ሎክዳውኑ (በኮሮና ምክንያት ከቤት አትውጡ የተባለው እገዳ) ከላላ ወዲህ ፀሐይ በወጣ ቁጥር ከሌላ ከተማ የሚመጣው ሰው ሰፈሩን ያጨናንቀዋል። መኪናውን በሯ ላይ ገትሮ ይሄዳል፤ በዚህ ምክንያት ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ አርፍዳ መግባት ጀምራለች። ጎረቤቶቿ በዋትሳፕ ተጠራርተው ወደ ባሕሩ በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ «ለነዋሪ ብቻ» የሚል ሰሌዳ ሊተክሉ፣ የመኪናውን መንገድ ደግሞ በገመድ ሊዘጉ ተስማምተዋል። «እምቢ ካሉ ጎማቸውን እናስተነፍሳለን» ያለም አለ። እሷንም ለሰሌዳው አዋጪ፣ ለካውንስሉ (ለአካባቢው አስተዳደር) የሚገባ ፊርማም ፈርሚ ብለዋታል። በዚህ መሐል ልጆቿን ይዛ ወደ ባሕሩ ስትወርድ አንድ ሰውዬ «ወደ ለንደናችሁ ተመለሱ» ብሎ ጮኸባት። ለንደን ኖራ አታውቅም።

ጥያቄዋ እንዲህ ነው፦ «ባሕሩን መዝጋት እንችላለን ወይ? በሬን የዘጋውን መኪናስ ምን ላድርገው? ብፈርምና ባዋጣ ያስጠይቀኛል? የሰውዬው ነገርስ?»

እህቴ፣ የመጀመሪያው መልስ አጭር ነው፤ አትችሉም። ጎረቤቶችሽ እዚያ ሠፈር ዕድሜያቸውን በሙሉ ቢኖሩም ሰውን አድራሻውን እየጠየቁ ወደ ባሕር የማሳለፍና የመመለስ ሥልጣን የላቸውም።

ጎረቤቶችሽ አሁንም ማርች ላይ የቆሙ ይመስለኛል። ማርች 26 ቀን 2020 የወጣው ደንብ ያለ በቂ ምክንያት ከቤት መውጣትን ይከለክል ነበር። ያኔ ከለንደን ተነስቶ ዶርሴት ድረስ ለመዋኘት የመጣ ሰው ሕግ ጥሷል ሊባል ይችል ነበር። ከሜይ 13 በኋላ ግን እንግሊዝ ውስጥ አየር ለመቀበልና ለመዝናናት የፈለጉትን ያህል ርቀት ነድቶ መሄድ ተፈቅዷል። ዌልስና ስኮትላንድ «ከ5 ማይል አትራቁ» ብለው እስከ ጁላይ መጀመሪያ ቆይተዋል፤ ብዙ ሰው የእነሱን ዜና እየሰማ የእንግሊዝ ሕግ ይመስለዋል። አንቺ ያለሽው እንግሊዝ ነው። ይህን በጻፍኩበት በኦገስት 2020 ያ መኪናውን በርሽ ላይ የገተረው ሰው ጥፋቱ አቋቋሙ ነው፣ መምጣቱ አይደለም።

ካውንስሉስ? እሱ ያኔ ይችል ነበር፣ ግን እንደፈለገ አይደለም። ከጁላይ 18 ቀን 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ የነበረው የኮሮና ደንብ ካውንስሎች መናፈሻም ሆነ የባሕር ዳርቻ እንዲዘጉ ወይም መግቢያውን እንዲገድቡ ሥልጣን ሰጥቷቸው ነበር። ለሕዝብ ጤና ከባድና አፋጣኝ አደጋ መኖሩን ማሳየት ነበረባቸው። እርምጃው አስፈላጊና ከአደጋው ጋር የሚመጣጠን መሆን ነበረበት፤ ቢያንስ በየ7 ቀኑም እንደገና ማየት ነበረባቸው። ቫይረሱ ፖስትኮድ አይጠይቅም፤ ስለዚህ የሠፈሩን ሰው አስገብቶ ሌላውን መመለስ በዚህ መስፈርት እንዴት እንደሚያልፍ ለእኔ አይታየኝም። ካውንስሉ ከዘጋ የሚዘጋው በአንቺም ላይ ነው። ጎረቤቶችሽ ፊርማውን ከማሰባሰባቸው በፊት ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

«ግን እኮ ባሕሩ የኛ ነው» ይሉሻል። አይደለም። እንዲያውም የእንግሊዝ ሕግ ከሚገመተው በላይ ጨካኝ ነው። ከ1821 ጀምሮ፣ ብላንዴል በካተራል ላይ ከሚባለው ክስ ወዲህ፣ ሕዝቡ ለመዋኘት ሲል በባሕር ዳርቻው የማለፍ አጠቃላይ መብት እንደሌለው ነው ፍርድ ቤቶች የያዙት። በ2015 የኒውሄቨን ወደብ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ሰዎች እዚያ ዳርቻ ሲጫወቱ የኖሩት በባለቤቱ ፈቃድ ነው ተብሏል። ይህ ማለት ከለንደን የመጣውም፣ እዚያው ተወልዶ ያረጀውም አሸዋው ላይ የሚቀመጡት በብዙ ቦታ ባለቤቱ ዝም ስላላቸው ነው። ባለቤቱ ደግሞ ጎረቤትሽ አይደለም። ውሃው ሲመጣ የሚሸፈነው ሲሄድ የሚገለጠው መሬት ግማሽ ያህሉ የክራውን ኤስቴት (የዘውዱን መሬት የሚያስተዳድር ድርጅት) ነው፤ የቀረው የካውንስል፣ የናሽናል ትረስት (ቅርስና ተፈጥሮ የሚጠብቅ በጎ አድራጎት ድርጅት)፣ የወደብ ድርጅትና የመሳሰሉት ነው። የባሕር ዳር ቤት ይዞታ አብዛኛውን ጊዜ ከፍተኛው ውሃ ከሚደርስበት መስመር አያልፍም። የሚከራከርሽ ካለ የይዞታውን ቅጂ ከላንድ ሬጂስትሪ (የመሬት መዝገብ መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ በትንሽ ክፍያ ያውጣና ያሳይሽ።

አሁን ወደ ሰሌዳው እንምጣ። መዋጮ ተጠይቀሻል አይደል? አታዋጪ። በካውንስሉ ካርታ ላይ የሕዝብ የእግር መንገድ ተብሎ በተመዘገበ መንገድ ላይ ሰውን የሚያስቀር ሐሰተኛ ማስታወቂያ መለጠፍ በ1949 ዓ.ም እ.ኤ.አ. በወጣው የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ አንቀጽ 57 ወንጀል ነው። «ለነዋሪ ብቻ» የሚለው እዚያ መንገድ ላይ ከተተከለ ሐሰተኛ ነው፣ አለቀ። ገመዱ ደግሞ ይብሳል። በ1980ው የመንገድ ሕግ አንቀጽ 162 መንገድን አቋርጦ አደጋ በሚያደርስ ሁኔታ ገመድ ወይም ሽቦ መዘርጋትን ለብቻው ወንጀል አድርጎታል፤ ሲመሽ በብስክሌት የሚመጣ ልጅ አንገቱን ቢመታው ምን እንደሚከተል እኔ ልነግርሽ አያስፈልግም። በቂ ማስጠንቀቂያ አድርጌ ነበር ብሎ የማስረዳት ሸክሙ በዘርጊው ላይ ነው።

ጎማ ማስተንፈስ ቀልድ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። «አየር ነው፣ ምን ተበላሸ?» ይላሉ። በሚስማር ከሆነ ያለጥርጥር ንብረት ማበላሸት ነው። አየሩን ብቻ ቢለቁትም ሰውዬው ሳያይ ነድቶ ሞተርዌይ ላይ ቢወጣስ? በ1988ቱ የመንገድ ትራፊክ ሕግ አንቀጽ 22ኤ መሠረት ሆን ብሎ መኪና ነካክቶ በመንገድ ላይ ግልጽ አደጋ መፍጠር እስከ 7 ዓመት ያስቀጣል። በአንድ ፀሐያማ ቅዳሜ ንዴት 7 ዓመት!

አንቺን የሚያሳስብሽ ዋትሳፑ ይመስለኛል። ግሩፑ ውስጥ መኖርሽ ብቻ ወንጀል አይደለም። ዝም ብለሽ ማንበብሽም አይደለም። ግን «ጎማ እናስተንፍስ» የሚለው መልእክት ሥር አውራ ጣት ከሰጠሽ፣ የትኛው መኪና እንደሆነ ፎቶ ከላክሽ፣ ወይም ለገመዱ ብር ከሰጠሽ፣ ፖሊስ ስልኮቹን የያዘ ቀን አብሮ ማቀድ ወይም ማበረታታት ተብሎ ሊነሳብሽ ይችላል። አንድ መስመር ጻፊ፦ «እኔ በሰሌዳውም በገመዱም በመኪና መንካቱም የለሁበትም፤ ለካውንስሉ ስለ ፓርኪንግና ስለ ቆሻሻ የሚጻፍ ደብዳቤ ካለ እፈርማለሁ»። ቀኑና ሰዓቱ ተመዝግቦ ይቀመጥልሻል። መልእክቱን ሌላው ሰው አይወደው ይሆናል፤ ይሁን።

ፊርማው ለብቻው ነው። ለካውንስል አቤቱታ መፈረም ማንንም አያስጠይቅም። ግን ምን ላይ እንደምትፈርሚ አንብቢ። «ውጭ ሰው ይከልከል» ከሚል ይልቅ ሊደረግ የሚችል ነገር ጠይቁ፤ የነዋሪ ፓርኪንግ ፈቃድ፣ በበጋ ቅዳሜና እሑድ የሚዘጋ መንገድ፣ ተጨማሪ መጸዳጃና የቆሻሻ ገንዳ፣ በአሸዋው ላይ ከሰል ማቀጣጠልን የሚከለክል የሕዝብ ቦታ ጥበቃ ትእዛዝ። ይህ የመጨረሻው በ2014 በወጣ ሕግ የመጣ ነው፣ የጣሰው በቦታው እስከ 100 ፓውንድ ይቀጣል፣ ፍርድ ቤት ከሄደ እስከ 1,000። እናንተ ብቻችሁን እንዳልሆናችሁ ካውንስሉም ያውቃል። ጁን 25 ቀን 2020 ቦርንመዝ የባሕር ዳርቻ በሰው ተጨናንቆ የሆነውን ሁሉም አይቷል፤ ካውንስሉ አስቸኳይ ሁኔታ አውጆ፣ በአንድ ቀን 558 የፓርኪንግ ቅጣት ጽፎ፣ ከዳርቻው 33 ቶን ቆሻሻ አንስቷል። ንዴታችሁ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ከሌሊት ሺፍት ወጥቶ የሌላ ሰው ዳይፐር ከአጥር ሥር ማንሳት ማንንም ያበግናል።

በሌላ በኩል ደግሞ ከለንደን የሚመጡት እነማን ናቸው? ብዙዎቹ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ያለ በረንዳ፣ ከሦስት ልጅ ጋር ተዘግተው የከረሙ ሰዎች ናቸው። የአንቺ ዘመዶችም እዚያ ውስጥ ይኖራሉ ብዬ እገምታለሁ።

እሺ፣ መኪናው። እዚህ ላይ ልዩነቱን በደንብ ያዢ፣ ስልክ ስትደውዪ ይጠቅምሻል። መኪናሽ ግቢ ውስጥ ሆና ሌላ መኪና መውጫ ከከለከላት፣ ይህ መንገድ መዝጋት ነው፤ አስቸኳይ ላልሆነ ጉዳይ በሚደወልበት የፖሊስ ቁጥር በ101 ደውዪና «መውጣት አልቻልኩም፣ ሥራዬ ኬርሆም ነው፣ ሺፍቴ በዚህ ሰዓት ይጀምራል» በዪ። ከውጭ መጥተሽ መግባት ያቃተሽ እንደሆነ ግን ፖሊስ ብዙ ጊዜ «የካውንስል ጉዳይ ነው» ይላል። ካውንስሉ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ለመኪና መግቢያ ዝቅ በተደረገበት ቦታ ላይ የቆመን መኪና መቅጣት ይችላል፤ ነገር ግን በመኖሪያ ቤት መግቢያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት ነዋሪው ሲጠራቸው ነው። ስለዚህ የፓርኪንግ ተቆጣጣሪዎቹን ስልክ ቁጥር፣ በተለይ ቅዳሜና እሑድ የሚሠራውን፣ ዛሬውኑ ስልክሽ ላይ አስቀምጪ። ማታ ኢሜይል ብትልኪ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ መኪናው ለንደን ደርሷል።

ግቢሽ ውስጥ ገብቶ ከቆመ ደግሞ ነገሩ ያስቃል፤ ከመንገድ ላይ ይልቅ ለማስነሳት የሚከብደው ይሄኛው ነው። ወንጀል አይደለም፣ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፣ ፖሊስ አይመጣልሽም። ሰንሰለት እንዳታስሪበት። ከ2012 ወዲህ በግል መሬት ላይ ያለ ሥልጣን መኪና ማሠር ወንጀል ነው፣ መሬቱ የራስሽም ቢሆን። ይልቅ አከራይሽ በመግቢያው ላይ የሚታጠፍ ምሰሶ እንዲያስገባ ጠይቂው፤ ርካሽ ነው። ካውንስሉም በክፍያ በር ላይ ነጭ መስመር ይቀባል። መስመሩ ብቻውን አያስቀጣም፣ ግን ሰው ያከብረዋል።

ፎቶ አንሺ፦ ታርጋው፣ የመግቢያው ጠርዝ፣ ሰዓቱ። ፎቶውን ለካውንስልና ለአለቃሽ ላኪ። ያረፈድሽበት ምክንያት በጽሑፍ ይቀመጥ፣ ሠራተኛ ሲቀነስ ወይም ደሞዝ ሲቆረጥ ይፈለጋል። ፌስቡክ ላይ ግን አታውጪው፣ በተለይ ሕፃናት የሚታዩበትን። ከመኪና ላይ ቆሻሻ ሲወረወር ካየሽም ታርጋውን ያዢ፤ ከ2018 ጀምሮ ማን እንደወረወረ ባይታወቅም ካውንስሉ ባለመኪናውን ራሱን መቅጣት ይችላል።

ስለ ብዛታቸው ፖሊስ ከመጥራትሽ በፊት አንድ ነገር። በኦገስት 2020 መንግሥት ውጭ ስትገናኙ ሁለት ቤተሰብ ወይም ስድስት ሰው ሁኑ እያለ ይመክር ነበር። ምክር ነበር። ደንቡ ራሱ ያኔ ይከለክልና ያስቀጣ የነበረው ከ30 በላይ መሰብሰብን ነው፣ የመጀመሪያ ቅጣቱም 100 ፓውንድ፣ በ14 ቀን ውስጥ ለከፈለ 50 ነበር። ስምንት ሰው አንድ ጃንጥላ ሥር አይተሽ ብትደውዪ ፖሊሱ ትከሻውን ነው የሚሰብቀው። ደንቡ ያኔ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል ይቀየር ስለነበር ከመደወልሽ በፊት የዕለቱን እዪ።

የሰውዬውን ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም። «ለነዋሪ ብቻ» ማለት ሲጀመር መጀመሪያ የሚጠየቀው ቆዳው ጠቆር ያለው ነዋሪ ነው፤ አንቺ እዚያው ከተማ ግብር እየከፈልሽ፣ የእነሱን እናትና አባት ሌሊት እያገላበጥሽ፣ ልጆችሽ ፊት «ተመለሱ» ተባልሽ። መንገደኛን «እባካችሁ ተራራቁ» ማለት ወንጀል አይደለም። ጮኾ ማስፈራራትና መስደብ ግን በ1986ቱ የሕዝብ ሰላም ሕግ ያስጠይቃል። መነሻው ዘር ከሆነ ደግሞ በ1998ቱ ሕግ ቅጣቱ ይከብዳል። «ለንደን» ብቻ ማለቱ ለዚህ በቂ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ሌላ ምን አለ? እጁን ወዴት ቀሰረ? አጠገባችሁ የነበሩትን ነጭ ቤተሰቦችስ እንዲሁ አላቸው ወይ? ይህን ሁሉ ሳትረሺው ዛሬ ጻፊው። ልጆችሽ የሰሙትንም በራሳቸው አነጋገር ጻፊ፣ አታርሚላቸው።

በ101 ወይም ትሩ ቪዥን በሚባለው የፖሊስ ድረ ገጽ የጥላቻ ወንጀል ብለሽ አመልክቺ። ፖሊስ አንቺ ዘረኝነት ነው ብለሽ ካመንሽ እንደዚያው መመዝገብ አለበት፣ ለመመዝገብ ማስረጃ አይጠይቅሽም። ለመክሰስ ግን ይፈለጋል። እዚያ አካባቢ አይስክሬም የሚሸጥ ሱቅ ካለ ካሜራ ይኖረዋል፣ ቪዲዮውም በየጊዜው ስለሚጠፋ በዚህ ሳምንት ሄደሽ እንዳያጠፉት ጠይቂ። የዘር መነሻ ያልተጨመረበት ቀላሉ ክስ ማጅስትሬት በሚባለው ዝቅተኛ ፍርድ ቤት መቅረብ ያለበት ከተፈጸመ በ6 ወር ውስጥ ነው፤ ፖሊሱም ጊዜ ይፈልጋል፣ እስከ ገና እንዳታቆዪው።