የቀደሙ አገልጋዮችን ማሰብ ተዝካር ማውጣት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጌታ ይባርክዎት። የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የመጀመሪያዎቹን የጴንጤቆስጤ አገልጋዮች የምታስብበት ፕሮግራም እያዘጋጀች ነው። ባነር ይሠራል፣ ያረፉት ሰዎች ፎቶ ይሰቀላል፣ የሕይወት ታሪካቸው ይነበባል። እኔም ኮሚቴ ውስጥ ነኝ። ለእናቴ ስነግራት «ቁልቢ ስሄድ ትቆጪኛለሽ። ለአባትሽ ተዝካር ሳወጣ አልበላም ብለሽ ወጣሽ። ታዲያ ይሄ ምንድነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ልክ ነን ወይስ ተሳስተናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጌታ ይባርክሽ። እናትሽ የጠየቁት ጥሩ ጥያቄ ነው። ኮሚቴያችሁ ባነሩን ከማዘዙ በፊት ራሱን ሊጠይቀው የሚገባ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልበልሽ። በአባትሽ ተዝካር ቀን ጥለሽ መውጣትሽ እናትሽን አሳዝኗል። እስከ ዛሬ ያስታውሱታል። እምነትሽን ሳትለቂ ከሐዘንተኛ እናትሽ አጠገብ መቀመጥ ትችዪ ነበር። እንጀራውን ባትቆርሺ እንኳ ውኃ ማቅረብ፣ ዕቃ ማጠብ ማን ይከለክልሻል? ይቅርታ ጠይቂያቸው። ከዚያ በኋላ የምትሰጪያቸው መልስ ይሰማል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። መጽሐፍ ቅዱስ የቀደሙትን ማሰብ አይከለክልም፤ ያዛል እንጂ። ዕብራውያን 13፥7 «የእግዚአብሔርን ቃል የተናገሩአችሁን ዋኖቻችሁን አስቡ፥ የኑሮአቸውንም ፍሬ እየተመለከታችሁ በእምነታቸው ምሰሉአቸው» ይላል። አስቡ፣ ተመልከቱ፣ ምሰሉ። ለምኑላቸው ወይም ለምኑአቸው አላለም። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ደግሞ ኢየሱስ ክርስቶስ ትናንትና ዛሬ እስከ ለዘላለም ያው ነው ይላል። ሰዎቹ ሄዱ፣ እሱ አለ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። እናትሽ ተዝካር የሚያወጡት ላረፈው ሰው ነፍስ ብለው ነው። ቁልቢም የሚሄዱት ምልጃ ሽተው ነው። እኛ ያረፉት አገልጋዮች ከእኛ ምንም እንደማይጠብቁ፣ እኛም ከእነሱ ምንም እንደማንለምን እናምናለን። የምናስባቸው ለራሳችን ብለን ነው። ይህን ሳትከራከሪ በእርጋታ ንገሪያቸው።

ግን እኮ በቃል የተለየ ነገር በተግባር አንድ ሊሆን ይችላል። ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የሠራውን የናስ እባብ ሕዝቡ ቆይቶ ያጥንለት ጀመር። ንጉሡ ሕዝቅያስም ሰባበረው። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ፎቶ ይሁን፤ ግን መግቢያው ላይ፣ ታሪኩ ከሥሩ ተጽፎ ይቀመጥ። መድረኩ ላይ፣ ከሰባኪው ጀርባ አይሰቀል። «የእገሌ ቅባት ይውረድብን» የሚል ጸሎትም አይጸለይ። ቅባቱ የመንፈስ ቅዱስ እንጂ የእገሌ አልነበረም።

እንግዲህ ምን ይነገር? ሐረር ቅርባችሁ ናት፤ ከዚያ ጀምሩ። በ1950ዎቹ በሐረር መምህራን ማሠልጠኛ ይማሩ የነበሩ ወጣቶች ተሰብስበው ቃሉን ያነቡ፣ መንፈስ ቅዱስን ይጠባበቁ ነበር። ናዝሬት (አዳማ) ላይ ደግሞ እንግሊዝኛችንን እናሻሽል ብለው ከሚስዮናውያን ጋር መጽሐፍ ቅዱስ የከፈቱ ተማሪዎች ያላሰቡት የመንፈስ ቅዱስ እሳት አገኛቸው። አዋሳ ላይ የስዊድን፣ አዲስ አበባ ላይ የፊንላንድ ጴንጤቆስጤ ሚስዮናውያን ነበሩ። ከእነዚህ ቦታዎች የተነሡ ወጣቶች ተገናኝተው በ1959 ሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያንን መሠረቱ። ከመንግሥት ዕውቅና ጠየቁ፤ ተከለከሉ። በ1964 አዲስ አበባ ላይ ለአምልኮ እንደተሰበሰቡ ከ200 በላይ ሰዎች ታፍሰው ታሠሩ።

ዕድሜያቸውን አስቢው። ብዙዎቹ ተማሪዎች ናቸው። ሕንፃ የለም፣ ደመወዝ የለም፣ ማይክ የለም። «ጴንጤ» ዛሬ ታክሲ ውስጥ እንደ ዋዛ የሚባል ቃል ነው። ያኔ ስድብ ነበር። ከቤት ያስባርር፣ መቃብር ያስከለክል ነበር። ከማሠልጠኛው የወጣው ወጣት መምህር ደግሞ ወደተመደበበት ወረዳ ሲሄድ ከጠመኔው ጋር እምነቱንም ይዞ ሄደ። ወንጌል ገጠር ከገባባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንንም ታሪክ ጨምሩበት። አጀማመሯ ሜኖናይት ከሚባሉ ፕሮቴስታንቶች ሚስዮን ነው፤ ያው መነቃቃት ግን እሷንም ነክቷታል። ሚስዮናውያኑ እዚሁ ምሥራቅ፣ ደደር፣ በደኖና ድሬዳዋ ላይ ሠርተዋል። ደርግ በጥር 1974 ቤተ ክርስቲያኗን ዘጋ፣ ንብረቷን ወረሰ፣ መሪዎቿን ከአራት ዓመት በላይ አሠረ። ስትዘጋ 5,000 ያህል አባላት ነበሯት። ደርግ በወደቀበት በ1983 ወደ 34,000 ደርሰው ተገኙ። በእነዚያ ዓመታት ሕዝቡን ያቆዩት በየቤቱ የሚሰበሰቡ ትንንሽ ቡድኖች ነበሩ። ብዙዎቹንም የያዙት ሴቶች ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ድሬ ውስጥ አንዲት እናት አውቃለሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ አይወዱም። በዚያ ዘመን ቤታቸው ጸሎት ቤት ነበር። እንግዲህ ድሬ ናት፤ በግንቦት ወበቅ በርና መስኮት ዘግቶ የሚቀመጥ ሰው ራሱ ያስጠረጥራል። ስለዚህ በሩን ገርበብ ያደርጉት ነበር። ደጃፍ ላይ ጫማ በዝቶ እንዳይታይ ሁሉም ጫማውን ይዞ ይገባል። ጀበናው ከሰል ላይ ይጣዳል፤ ድንገት ሰው ቢመጣ ቡና እየተጠጣ ነው። መጽሐፍ ቅዱሱ ዱቄት ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀበራል። ዝማሬው በትንፋሽ ነው፤ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አይወጣም። ሲያልቅ አንድ በአንድ፣ በሩብ ሰዓት ልዩነት ይወጣሉ።

እኚህ እናት አንድ ቀን መድረክ ላይ ቆመው አያውቁም። ስለዚህ በእናንተ ዝርዝር ውስጥ አይኖሩም ብዬ እፈራለሁ። ጳውሎስ ግን ሮሜ 16 ላይ ሰላምታ ሲጽፍ ፌቤንን፣ ጵርስቅላንና አቂላን በቤታቸውም ያለችውን ቤተ ክርስቲያን በስም ጠራ። ቤት ያበደረን ሰው አልረሳም። እስቲ ዝርዝራችሁን አውጡና ስንት ሴት እንዳለ ቁጠሩ።

ሌላው፣ ታሪካቸውን ስታነቡ አታሳምሩት። ዕብራውያን 11 ሳምሶንን ጭምር የእምነት ሰው ብሎ ይጠራል፤ መጽሐፈ መሳፍንት ደግሞ ውድቀቱን አልደበቀም። የእኛም ቀደምቶች ሰዎች ነበሩ። ተጣልተዋል፣ ተለያይተዋል፣ በአገልግሎት ብዛት ቤተሰባቸውን የበደሉም አሉ። የሰውን ነውር አደባባይ አውጡ አላልኩም። ግን እንከን የለሽ አድርጋችሁ ካቀረባችኋቸው ወጣቱ «እኔማ እንደነሱ አልሆንም» ብሎ ይቀመጣል። ምሰሉአቸው የተባለው በእምነታቸው ነው። ድምፃቸውን ማጎርነን፣ አነጋገራቸውን መቅዳት መምሰል አይደለም። ይህን የምለው በየመድረኩ ስለማየው ነው።

በሕይወት ስላሉትስ? ይህ በጣም ያሳስበኛል። ከቀደሙት አገልጋዮች ብዙዎቹ ያለ ደመወዝ አገልግለዋል፤ ስለዚህ ጡረታ የላቸውም። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚገዛላቸው ያጡ አሉ። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥17 በመስበክና በማስተማር የሚደክሙ ሽማግሌዎች እጥፍ ክብር ይገባቸዋል ይላል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ስለ ሠራተኛው ደመወዝ ነው የሚያወራው። ክብሩ ጭብጨባ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ኮሚቴው ለባነርና ለድምፅ ኪራይ የያዘውን በጀት ይመልከት። ግማሹን ለአንድ አረጋዊ አገልጋይ የዓመት መድኃኒት ብታውሉት ማንም አይቀየማችሁም።

አንቺ ደግሞ ከፕሮግራሙ በፊት አንድ ቅዳሜ፣ ወበቁ በረድ ሲል፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ከእነዚህ አረጋውያን ወደ አንዷ ቤት ሂጂ። ስኳርና ቡና ያዢ። የስልክሽን ድምፅ መቅጃ ከፍተሽ አስቀምጪና ዝም ብለሽ አድምጪ፤ ይናገራሉ። ከተስማሙ እናትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ። በአንድ ዕድሜ፣ በአንድ ከተማ የኖሩ ሴቶች ናቸው። ምናልባት ይተዋወቁ ይሆናል።