ጆንያ ማሽተት

ቡና ኤክስፖርት ሊጀምሩ ያሰቡ ልጆች አልፎ አልፎ ቤቴ ይመጣሉ። «ጋሼ፣ ጃፓን ገዢ አግኝቻለሁ» ይሉኛል። ስለ ዋጋ፣ ስለ ዶላር፣ ስለ ፈቃድ ይጠይቁኛል። እኔ ደግሞ ስለ ጆንያ እጠይቃቸዋለሁ። ከየት ተገዛ? መጋዘን ውስጥ ከምን አጠገብ ተቀመጠ? አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ አሽትታችሁታል? ይስቃሉ። በእነሱ ዕድሜ ብሆን እኔም እስቅ ነበር።

ከ30 ዓመት በላይ በቡና ላኪዎች ቤት ሠርቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ደንበኞቼ ጃፓኖች ነበሩ። ስለዚህ የማውቀውን በእነሱ በኩል ልንገራችሁ።

በ2000 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ልጆች ስለነበራችሁ አታስታውሱትም። ቡናችን ጃፓን ሲመረመር ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ኬሚካል ተገኘበት። ጋማ ቢኤችሲ፣ ክሎርዴን፣ ሄፕታክሎር። ግራ ገባን። አብዛኛው ገበሬያችን ቡና ላይ ኬሚካል መርጨት ቀርቶ መግዣውም የለው። ጓሮ ውስጥ፣ ዛፍ ጥላ ሥር የበቀለ ቡና ነው። በኋላ ጥርጣሬው ወደ ጆንያው ዞረ። ቡናው ንጹሕ ሆኖ ልብሱ አስነወረው እንበል።

ጃፓኖች ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብለው፣ በ1998 ዓ.ም.፣ ሕጋቸውን አጥብቀው ነበር። የራሱ ገደብ ያልወጣለት ኬሚካል በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ከ0.01 ሚሊግራም እንዳይበልጥ አሉ። ቁጥሩን ሳየው መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም። አንድ ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 320 ጆንያ ይይዛል፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ። 19,200 ኪሎ ቡና ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ቡና ላይ የሚፈቀደው ኬሚካል ተጠራቅሞ ሩብ ግራም አይሞላም። ዱሮ የተባይ መድኃኒት ተከምሮበት በነበረ መጋዘን ውስጥ ያደረ ጆንያ ከዚህ ገደብ በላይ ለመሆን ምን ያህል እንደሚቀለው እናንተው ገምቱ።

ገበያው ክፉኛ ወረደ። ጃፓን ያኔ ከትልልቆቹ ገዢዎቻችን አንዷ ነበረች። የሲዳማን፣ የሐረርን ቡና ይወዱታል፤ «ሞካ» ብለው ነው የሚጠሩት። (ሞካ የየመን ወደብ ስም ነው። የእኛ ቡና በሰው ወደብ ስም ሲጠራ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ይሁን።) በዚያ ላይ በ2001 ዓ.ም. ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል መሸጥ ጀመረ። ከየአካባቢው የመጣው ቡና በደረጃ ተቀላቅሎ ስለሚሸጥ፣ «ይህ ሎት (አንድ ላይ የተሸጠው ቡና) ከየትኛው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው?» ለሚል ገዢ መልስ አጣን። አሠራሩ በኋላ ተሻሽሏል። ያኔ ግን ጃፓኑ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ብቻ ነበር፣ እኔም የነበረኝ መልስ ዝምታ ብቻ ነበር።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ከዚያ ሁሉ ዓመታት በፊት ነው፣ ወጣት ሳለሁ። ሐምሌ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ጠብቀን ኮንቴይነር ጫንን። ግድግዳውን ወፍራም ወረቀት ማልበስ፣ እርጥበት መምጠጫ መስቀል ነበረብን። መኪናው ጅቡቲ መድረስ አለበት፣ መርከቡ አይጠብቅም። «ምን ይሆናል» አልን። እቺ ቃል ስንቱን አከሰረችው! ከአዲስ አበባ ብርድ ወደ ጅቡቲ ሙቀት፣ ከዚያ ወደ ባሕሩ። ብረቱ ያልበዋል፤ ላቡ ላይ ላዩ ጆንያ ላይ ይንጠባጠባል።

ከሳምንታት በኋላ ከጃፓኑ ገዢ በፈጣን ፖስታ ፎቶዎች መጡልኝ። ሻግቷል። እኔ ወዲያው ዋጋ ለመቀነስ ተዘጋጀሁ፤ ረጅም የይቅርታ ደብዳቤም ጻፍኩ። መልሳቸው አራት ጥያቄ ብቻ ነበር። በየትኛው ቀን ጫናችሁ? ዝናብ ነበር ወይ? ኮንቴይነሩን ውስጡን ማን አየው? ቡናው ሲጫን እርጥበቱ ስንት ነበር? ስለ ዋጋ አንድ ቃል የለም። ሁለተኛ ይቅርታ ጻፍኩ። እነዚያው አራት ጥያቄዎች ተመልሰው መጡ። በሦስተኛው እውነቱን ጻፍኩ፦ «ወረቀቱን አላለበስንም። ቸኩለን ነው።» ከዚያ በኋላ የጠየቁኝ በሚቀጥለው ጊዜ ምን እንደምናደርግ ነው። ያ ገዢ ከእኛ ጋር 11 ዓመት ቆየ።

አያችሁ፣ ሰውየው እጄን ጨብጦ አያውቅም። መጋዘኔን አያየውም። ከእኔ የሚያገኘው አንድ እፍኝ ናሙናና ወረቀት ነው። ወረቀቱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ይርጋጨፌን በላቲን ፊደል አምስት ሰው አምስት ዓይነት ይጽፈዋል። አንድ ጊዜ ኢንቮይሱ ላይ አንድ ዓይነት፣ የምርት ምንጭ ሰርተፍኬቱ ላይ ሌላ ዓይነት ተጽፎ ባንኩ በኤልሲው (ወረቀቱ ሲሟላ ሊከፍል በገባው ቃል) አልከፍልም አለ። ቡናው ባሕር ላይ ነው፣ እኛ ፊደል እንቆጥራለን።

ከጃፓን ጋር ንግዱ ዱሮም የነበረ ነው። አያቶቻችን በ1920ዎቹ ከለበሱት አቡጀዲ ብዙው የጃፓን ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይም በ1924 ዓ.ም. እዚያው ድረስ ሄደዋል። ኋላ ደግሞ የመጣልን መኪና ነው። መለዋወጫ ፍለጋ ሱማሌ ተራ ሂዱ፤ ሻጩ የዕቃውን ቁጥር ይጠይቃችኋል። የፋብሪካው ቁጥር ትንሿ ዕቃ ላይ ሳይቀር ተጽፏል። እኛ ከእነሱ ይህን እንደ መብታችን ቆጥረን እንቀበላለን። ጃፓኑ የጆንያዬን ታሪክ ሲጠይቀኝ ግን «ምነው ይህ ሰውዬ አበዛው» እል ነበር።

ባለፈው ሰሞን አንዲት ልጅ ልትልክበት ያሰበችውን ጆንያ ናሙና ይዛልኝ መጣች። አሸተትኩት። ላምባ ላምባ ይላል። «ከየት ነው?» አልኳት። «እንጃ ጋሼ» አለችና ወንበሯ ላይ ትንሽ ተቁነጠነጠች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ሻጩ ጋ ደወለች።