መልስ፦ ለአባትሽ የአይፒ-10 ምርመራ ያስፈልጋል ወይ?

እህቴ፣ አባትሽ ሄፓታይተስ ሲ ተገኝቶባቸው፣ መድኃኒቱ ይሠራላቸው እንደሆነ ለማወቅ የአይፒ-10 የደም ምርመራ ውጭ አገር ላሠራ ወይ ብለሻል። እኔ ብሆን ብሩን አላወጣም።

ነገሩ ወሬ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። አይፒ-10 የመከላከያ ሴሎችን ወደ ታመመው ጉበት የሚጠራ ፕሮቲን ነው። ድሮ ሕክምናው የኢንተርፌሮን (ሰውነት ራሱም ቫይረስ ለመከላከል የሚያመነጨው ፕሮቲን) መርፌና ሪባቪሪን የሚባል መድኃኒት ነበር። ያኔ ፕሮቲኑ ቀድሞውኑ ከፍ ያለባቸው ሰዎች የመዳን ዕድላቸው ዝቅ ይል ነበር። ግራ ያጋባል አይደል? የሰውነታቸው የራሱ ኢንተርፌሮን አስቀድሞ እየሠራ ስለሆነ፣ ከውጭ የሚጨመረው ብዙም ለውጥ አያመጣም። በ2009 ደግሞ አይኤል28ቢ የሚባለው ጂንም የመዳን ዕድሉን እንደሚነካ ታወቀ። መርፌው እስከ 48 ሳምንት የሚያሰቃይ ስለነበር አስቀድሞ መገመቱ ዋጋ ነበረው።

አሁን ግን እንደ ሶፎስቡቪር ያሉት እንክብሎች በቀጥታ ቫይረሱን ነው የሚመቱት፤ ስለዚህ አይፒ-10ን አስቀድሞ ማወቁ ያን ያህል አይጠቅምም። ብዙውን ጊዜ በ12 ሳምንት ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይድናል።

ይልቅ ሄፓታይተስ ቢ መመርመራቸውን አረጋግጪ። የሲ መድኃኒት ሲጀመር ተኝቶ የነበረው ቢ ሊነሳ ይችላል። የጉበት ጠባሳም ይታይ። «የወፍ በሽታ ነው» ብሎ ቅጠል የሚያዝ ዘመድ ከመጣ በትህትና ሸኚው።

መድኃኒቱ ካለቀ ከ12 ሳምንት በኋላ ቫይራል ሎድ (ደም ውስጥ ያለውን ቫይረስ የሚለካው ምርመራ) ይሠራላቸው። አንቲቦዲ (ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሠራውን የሚፈልገው ምርመራ) አይደለም! እሱ ከዳኑም በኋላ ፖዘቲቭ ይላል። አጎቴን ፒያሳ አንድ ላብራቶሪ በዚህ አስደንግጦት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጥቷል።